«ተስተካካይ አለን»፦ በመተማ ቆላ የሚካሄደውን የደረጃ ሙግት የሚመለከት የመስክ ጥናት

የእንግሊዝ ፕሪሚየር ሊግ የደረጃ ሰንጠረዥ 20 መስመር አለው። እያንዳንዱ ክለብ 38 ጊዜ ይጫወታል፤ ያሸነፈ 3፣ አቻ የወጣ 1 ነጥብ ይይዛል፤ ነጥብ እኩል ሲመጣ የግብ ክፍያ ይታያል፤ እሱም እኩል ከሆነ ብዙ ያገባ ይቀድማል። ድምሩን የአራተኛ ክፍል ተማሪ ይሠራዋል። ከዚህ ተነስቶ «ታዲያ በደረጃ ላይ ምን የሚያከራክር ነገር አለ?» የሚል ሰው ካለ፣ ቅዳሜ ማታ መተማ ዮሐንስ ላይ አምሽቶ አያውቅም።

የጥናቱ ክልል ከገንዳ ውኃ ተነስቶ በኮኪት በኩል እስከ ሱዳን ድንበር፣ እስከ ጋላባት ድልድይ ያለው ምድር ነው። ቋራ ለጊዜው አልተካተተችም፤ የዐፄ ቴዎድሮስ አገር ሰው «ሁለተኛ» የሚባል ደረጃ መኖሩን በመርህ ደረጃ ስለማይቀበል ራሱን የቻለ ጥናት ይጠይቃል። የመረጃ አሰባሰቡ ዘዴ ሦስት ክፍሎች አሉት፦ መግቢያ ከፍሎ ዲኤስቲቪ ቤት መግባት፣ ቬንቲሌተሩ የሚደርስበት አግዳሚ ላይ ቦታ መያዝ፣ ዝም ማለት። ሦስተኛው እስካሁን አልተሳካም። ከበልግ ወራት ጀምሮ ሙቀቱ 40 ዲግሪን ሲያልፍ ቆርቆሮ ሥር ታጭቆ የሚቀመጠው ሕዝብ ማንም ሳያስገድደው የመጣ መሆኑ ተረጋግጧል። የሰሊጥ አጨዳ ሲደርስ ደግሞ ከጎጃም፣ ከወሎና ከደጋው ጎንደር ሠራተኛው ማጭዱንና ክለቡን ይዞ ይወርዳል። ያኔ የናሙናው ብዛት እጥፍ ይሆናል፤ አግዳሚው ግን ያው ነው።

ቀዳሚው ግኝት ይህ ነው፦ በመተማ ማንም ሰው ሰንጠረዡ ምን እንደሚል አይከራከርም። ሁሉም በቃሉ ያውቀዋል። ሙግቱ ምን ማለት ነበረበት በሚለው ላይ ነው። እዚህ ባለው፣ በሚገባው ሰንጠረዥ ላይ አርሴናል፣ ሊቨርፑል፣ ቼልሲና ማንችስተር ዩናይትድ በአንድ ጊዜ አንደኛ ናቸው። ማንችስተር ሲቲ የለበትም፤ «ገንዘብ ነው» ተብሎ ተሰርዟል።

ሙግተኞቹ በአራት ይከፈላሉ።

የመጀመሪያዎቹ ታሪክ ጠቃሾች ሲሆኑ በአብዛኛው የማንቼ ሰዎች ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2024/25 ማንችስተር ዩናይትድ በ42 ነጥብ 15ኛ ሆኖ ሲጨርስ የዚህ ወገን መልስ «20 ዋንጫ» የሚል ነበር። ስለ ተከላካይ ሲጠየቁ «20 ዋንጫ»፤ ስለ አሠልጣኝ ሲጠየቁ «20 ዋንጫ»። የመጨረሻው የሊግ ዋንጫ የተነሳው በ2013 መሆኑ ሲነገራቸው ፊታቸው ይፈካና «በእኛ ነው በፈረንጅ?» ብለው ይጠይቃሉ። በፈረንጅ ነው። በእኛ 2013 ዋንጫ ያነሳው ፋሲል ከነማ ነው፤ ወደ እሱ እንመለሳለን።

ሁለተኛዎቹ ውበት መዛኞች ይባላሉ። አርሴናል እ.ኤ.አ. ከ2023 እስከ 2025 ለሦስት ተከታታይ ዓመታት ሁለተኛ ሲወጣ «ኳስ የተጫወተው ግን ማን ነው?» እያሉ ያመሹ ናቸው። በ2022/23 ቡድናቸው 248 ቀን መርቶ ዋንጫውን ሲቲ ወሰደው። በሌላ ከተማ ይህ ሐዘን እንግዳ ሊሆን ይችላል። መተማ ዮሐንስ ግን ሁለተኛ ስሟን የወሰደችው በመጋቢት 1881 ዓ.ም. ድሉ ወደ እሳቸው ሠራዊት ካዘነበለ በኋላ በጥይት ከተመቱት ከዐፄ ዮሐንስ 4ኛ ነው፤ እየመሩ መሸነፍ ምን እንደሆነ ከአርሴናል በፊት ታውቃለች።

ሦስተኛዎቹ መርማሪዎች ናቸው። ዳኛው፣ ቫሩ፣ መስመሩ የተሰመረበት ብብት። ስለ እነሱ ብዙ የሚባል የለም፤ እነሱ ራሳቸው ይሉታል።

አራተኛዎቹ የተስተካካይ ጨዋታ ሊቃውንት ሲሆኑ፣ የዚህ ጥናት ዋና ሀብት እነሱ ናቸው።

ተስተካካይ ማለት ሌሎቹ ሲጫወቱ የእናንተ ቡድን በኤፍኤ ካፕ ወይም በአውሮፓ ውድድር ምክንያት ሳይጫወተው የቀረው ጨዋታ ነው። በሌላው ዓለም እንዲህ ያለ ጨዋታ ገና ያልተደረገ ጨዋታ ይባላል። በመተማ የተቀመጠ ገንዘብ ነው። ሊቃውንቱም እንደ ትምህርታቸው መጠን በሦስት ማዕረግ ይመደባሉ።

ባለ መጀመሪያ ዲግሪው ነጥቡን ብቻ ይደምራል። «58 አለን፤ ተስተካካይ አለን፤ 61» ብሎ ሻዩን ይጠጣል። ንጹሕ ሰው ነው፤ ክፋት የለበትም።

ባለ ሁለተኛ ዲግሪው ግቡንም ያስቀድማል። ተጋጣሚው ደካማ ከሆነ 3 ለባዶ ያስመዘግብና የግብ ክፍያውን ያስተካክላል። ጎሎቹን ያስቆጠሩት እነማን እንደሆኑ የሚናገርም አለ።

ዶክተሩ ግን ከሁለቱም የራቀ ነው። ሁለቱም ቡድኖች እኩል ተስተካካይ ሲኖራቸው የራሱን እንዳሸነፈ፣ የባላንጣውን እንደተሸነፈ አድርጎ ይመዘግባል። ምክንያት ሲጠየቅ «የእነሱ ከሜዳቸው ውጪ ነው» ይላል። የእሱም ከሜዳው ውጪ እንደሆነ ቢነገረው «እኛ ከሜዳ ውጪ ነው የምንጠነክረው» ይላል። በዚህ ማዕረግ ላይ የደረሰን ሰው በቁጥር መርታት አይቻልም፤ ቁጥሮቹ የእሱ ናቸው።

የዚህ ሳይንስ ከፍተኛው ጫፍ የታየው በ2016 ዓ.ም. ነው። ቼልሲ በኤፍኤ ካፕ ሩብ ፍጻሜ በመግባቱ መጋቢት ላይ ከአርሴናል ጋር ሊያደርገው የነበረው ጨዋታ ወደ ሚያዝያ ተላለፈ። በዚህም አርሴናል ተስተካካይ አገኘ፤ ቼልሲም ተስተካካይ አገኘ፤ ተስተካካዩም አንድ ነበር። ለአንድ ወር ያህል የሁለቱም ደጋፊዎች በአንድ አግዳሚ ላይ ተቀምጠው ከአንድ ጨዋታ ሦስት ሦስት፣ በድምሩ 6 ነጥብ ሲያወጡ ከረሙ። ይህ በእንግሊዝ ሊግ ታሪክ ያልተሞከረ ነው። ሻይ የምታፈላዋ ሴት ነገሩን ሰምታ «እንግዲያው የጠጣችሁትንም እንዲሁ ደምሩልኝ» አለች፤ ከጥናቱ ተሳታፊዎች ሁሉ ስሌቱን በትክክል የተረዳችው እሷ ነበረች። ሚያዝያ 15 ጨዋታው ተደረገና አርሴናል 5 ለ 0 አሸነፈ። የቼልሲው ሊቅ ግን አልደነገጠም። «ተስተካካይ ነው እኮ» አለ፤ «ዋና ጨዋታ አይደለም።»

ልክ በሦስት ሳምንቱ ተስተካካዩ በአርሴናል ላይ ዞረ። ሲቲ በቶተንሃም ሜዳ የሚያደርገው አንድ ጨዋታ ቀርቶት ነበር፤ ቶተንሃም ነጥብ ካስጣለው ዋንጫው ወደ አርሴናል ያዘነብላል። ግንቦት 6 ማታ በ4 ሰዓት መተማ ውስጥ ያለ የአርሴናል ደጋፊ በሙሉ፣ ዕድሜ ልኩን ስሙን ሲጠራ ምራቁን የሚተፋበትን ቶተንሃምን ደግፎ ተቀመጠ። ቀይ ማልያ ለብሶ «አይዞህ ቶተንሃም!» ያለ ሰው በዓይን ታይቷል። 86ኛው ደቂቃ ላይ ሶን ከበረኛው ጋር ብቻ ለብቻ ሲገናኝ የተነሳው ጩኸት ድልድዩን ተሻግሮ ጋላባት ደርሷል ቢባል አይጋነንም። በረኛው ኦርቴጋ መለሰው። ሲቲ 2 ለ 0 አሸንፎ በመጨረሻ ዋንጫውን በ91 ነጥብ ሲወስድ አርሴናል 89 ነበረው። በማግስቱ «ቶተንሃምን ደግፌ ነበር» የሚል አንድም ሰው በቆላው አልተገኘም።

ከተስተካካይ ሊቃውንቱ ውስጥ አጥኚው በቅርብ የሚያውቀው አንድ ሰሊጥ አምራች ነው። አጨዳው አልቆ ሰሊጡ ነዶ ነዶ ታስሮ ሂላ ሆኖ ቆሟል። ነጋዴ ይመጣና ከነሂላው ዋጋ ሊቆርጥ ይጠይቀዋል። ሰውዬው አንዱን ፍሬ በሁለት ጣቱ ይዞ ለነጋዴው ያሳየዋል፤ ጫፉ ገና ፈገግ አላለም። «ይኸን ሳላራግፍ ስንት ኩንታል ነው ልበልህ? ነፋስ አለ፣ ዝናብ አለ፣ አይጥ አለ። ያልተራገፈ ሰሊጥ ሰሊጥ አይባልም፣ ወንድሜ» ብሎ በትሕትና ይሸኘዋል። ያው ሰው በዚያኑ ማታ ዲኤስቲቪ ቤት ገብቶ ገና ቀን ያልተያዘለትን ጨዋታ 3 ነጥብ ደምሮ ሁለተኛ ወጥቷል። ነፋስ፣ ዝናብና አይጥ በዚያ ስሌት ውስጥ የሉም።

እዚህ ላይ ስለ «ቢሆን ኖሮ» ስሌት አንድ ነገር መጥቀስ ያስፈልጋል፤ ለሳይንስ ሲባል ብቻ ነው። እ.ኤ.አ. በ2011/12 ሲቲና ዩናይትድ እኩል 28 ጊዜ አሸንፈው፣ 5 ጊዜ አቻ ወጥተው፣ 5 ጊዜ ተሸንፈው በ89 ነጥብ ጨረሱ። ሲቲ 93 አግብቶ 29 ገባበት፤ ዩናይትድ 89 አግብቶ 33 ገባበት። ዋንጫው በግብ ክፍያ ሄደ። በዚያ ዓመት ሲቲ ኦልድ ትራፎርድ ላይ 6 ለ 1 አሸንፎ ነበር። አሁን ያንን ጨዋታ 1 ለ 0 እናድርገው፤ ዩናይትድ ይሸነፍ፣ ማንም መሸነፉን አልከለከለም። ሲቲ 88 አግብቶ 28 ይገባበታል። ዩናይትድም 88 አግብቶ 28 ይገባበታል። ነጥቡ እኩል፣ ክፍያው እኩል፣ ያገቡት እኩል! በወቅቱ ደንብ መሠረት በገለልተኛ ሜዳ መለያ ጨዋታ ይደረግ ነበር፤ መለያ ጨዋታ ላይ ደግሞ ፈርጉሰንን የሚያክል ሰው ቁጭ ብሎ፣ ስኮልስ ጡረታውን ትቶ ተመልሶ... አጥኚው ገለልተኛ ነው።

የጎንደሩ የፋሲል ከነማ ጉዳይ በምደባው ውስጥ አይገባም። በ2011 ዓ.ም. ዋንጫው እስከ መጨረሻው ቀን አብሮት ቆይቶ ወደ መቐለ 70 እንደርታ ሲሄድ በዚህ ቆላ የተሰማው ዝምታ እንጂ ሙግት አልነበረም። በ2013፣ ሱፐርስፖርት የአገራችንን ሊግ ማሳየት በጀመረበት ዓመት፣ አጼዎቹ ፋሲሎች ለመጀመሪያ ጊዜ ሻምፒዮን ሲሆኑም ሙግት የለም፤ የአርሴውም የማንቼውም ሰው በአንድ ወገን ስለተቀመጠ ተቃዋሚ ጠፋ። ስለ ለንደን እየጮኸ የሚያመሽ ሰው ስለ ጎንደር ሲሆን ድምፁን ለምን ዝቅ እንደሚያደርግ ገና አልተጠናም። የራሱ ነው መሰል።

ከድንበሩ ማዶ የመጡትም አይገቡም። በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ሱዳን ውስጥ ጦርነት ሲነሳ በመተማ በኩል የተሻገሩ ሰዎች ሂላልንና መሪኽን ይዘው ተሻገሩ። የኦምዱርማኖቹ ሁለት ክለቦች አገራቸው ላይ መጫወት ስላልቻሉ እ.ኤ.አ. በ2024/25 በእንግድነት የሞሪታንያ ሊግ ውስጥ ገቡ፤ ሂላልም በሰው አገር ሰንጠረዥ አንደኛ ሆኖ ጨረሰ። የሂላል ደጋፊ ስልኩን አውጥቶ ይህን ሲያሳይ የኛ ሊቃውንት አንድ በአንድ ተቀብለው አዩት። የተስተካካይ ጥያቄ ያነሳ አልነበረም። የመሪኽ ደጋፊ ብቻ «ሞሪታንያ አይቆጠርም» አለ፤ ያኔ ሰዎቹ የእኛው ዓይነት መሆናቸው ታወቀና ቦታ ተለቀቀላቸው።

አራቱ ክፍሎች ከዚህ በኋላ ብዙም አያገለግሉም፤ መብራት ሲጠፋ ሁሉም መርማሪ፣ ሲሸነፍ ሁሉም ታሪክ ጠቃሽ ይሆናል። የቀረው የመፍትሔ ሐሳብ ነው። ነሐሴ ላይ ማንም ሳይጫወት ሰንጠረዡ በእንግሊዝኛ ፊደል ተራ ስለሚደረደር አርሴናል አናት ላይ ይቀመጣል (ቦርንማውዝ ሙሉ ስሙን ይዞ ካልመጣበት በቀር)፤ ደጋፊዎቹም ይህንን ፎቶ አንስተው ዓመቱን ሙሉ ያቆዩታል። ይህ በሌላው ላይ የተፈጸመ በደል ነው። አጥኚው የ2025/26ን 20 ክለቦች በሀ ለ ሐ መ ተራ ደርድሯል። ሊቨርፑል አንደኛ፣ ሊድስ ሁለተኛ፣ ማንችስተር ሲቲ ሦስተኛ፣ ማንችስተር ዩናይትድ አራተኛ ሆኖ ቻምፒየንስ ሊግ ይገባል። አርሴናል 14ኛ ነው።

ውጤቱ ዲኤስቲቪ ቤት ቀርቦ ነበር። የሊቨርፑል ደጋፊዎች ያለ ማሻሻያ ተቀበሉት። አንድ የአርሴናል ሰው ክለቡ በዓይኑ ዐ ተጽፎ እንደገና ይታይልን ብሎ አመለከተ፤ ታየለት፤ ከዎልቭስ በታች 19ኛ ሆኖ ወራጅ ቀጠና ገባ። የመጨረሻው 20ኛ ደረጃ የደረሰው ለፉልሃም ሲሆን፣ የፉልሃም ደጋፊ በመተማ እስካሁን ባለመገኘቱ የቀረበ ቅሬታ የለም።