ጋሼ ይመርን በየት በኩል እንቁረጥ?

(ውጫሌ። አረፋ ሊደርስ ጥቂት ቀን ቀርቶታል። ዘሐራ ቡና ትቆላለች። ልጇ ከድር ተንበርክኮ አንድ ትልቅ ፎቶ በማስመሪያ ይለካል። ወንድሟ ይመር በሩ ላይ ቆሟል። ይመር አናጢ ነው፤ እሱ ሲለካ ሰው ዝም ይላል፣ ሰው ሲለካ ግን እሱ ዝም ብሎ አያውቅም።)

ይመር፦ ምንድን ነው የምትለካው? መሬት ነው?

ከድር፦ የእርስዎ የሠርግ ፎቶ ነው ጋሼ። ደሴ አጉልቼ አሳተምሁት፣ ካርቶን ላይ በኮላ ለጠፍሁት፣ ሌሊቱን ከጤፍ ጆንያ ሥር አሳደርሁት። አሁን ልቆራርጠው ነው።

ይመር፦ ዘሐራ! ልጅሽን አሞታል?

ዘሐራ፦ ፐዝል ነው የሚለው አያ። ለአረፋ ዘመዱ ሲሰበሰብ ገጣጥሙት ብሎ ሊሰጣቸው ነው።

ይመር፦ አብሮ የቆመውን ለያይቶ “ገጣጥሙ” ማለት! ቀበሌ ገባህ እንዴ? ደግሞስ ካርቶን ምን ይሉታል?

ከድር፦ ጣውላ ስጠይቅዎት ዋጋውን ነግረው መለሱኝ እኮ። የመጀመሪያውማ የእንጨት ነበር። በ1760ዎቹ፣ በፈረንጅ አቆጣጠር፣ ጆን ስፒልስበሪ የሚባል የለንደን ሰው ካርታ እንጨት ላይ ለጥፎ በየአገሩ ድንበር በመጋዝ ቆረጠው። ልጆች ጂኦግራፊ እንዲማሩበት።

ይመር፦ ከዚያ ልጆቹ አደጉና አፍሪካን አዩ።

ከድር፦ ካርቶኑ የተስፋፋው ኋላ ነው። በ1930ዎቹ አሜሪካ ውስጥ ሰዉ ሥራ ሲያጣ በርካሽ እየገዛ በእሱ ይውል ነበር።

ይመር፦ ሰማሽ? ሥራ የፈታ ሰው ነገር ነው አላልሁም? ለመሆኑ ስንት ቦታ ልትቆርጠው ነው?

ከድር፦ ሃያ።

ይመር፦ ወላሂ አይሆንም! ይስማ ንጉሥ እዚህ አፍንጫችን ሥር ሆኖ ሃያ ትላለህ? ሚያዝያ 25 ቀን 1881 የውጫሌን ውል ሃያ አንቀጽ ተፈራርመው፣ አሥራ ሰባተኛዋ ዐድዋ ድረስ ወሰደችን። ሃያ አራት አድርገው።

ዘሐራ፦ ሃያ አራት ውስጥስ አሥራ ሰባት የለችም? አሥራ ስድስት ላይ ያቁም።

(ከድር ከፎቶው ጀርባ አራት በአራት ያሰምራል፤ ቁጥርም ይጽፋል።)

ይመር፦ ምነው በመቀስ አትቆርጠውም?

ከድር፦ መቀስ ጠርዙን ያጣምመዋል፤ ከዚያ አይገጥምም። በከተር ነው፤ መጀመሪያ በረጅሙ፣ ቀጥሎ በአግድም።

ይመር፦ በአግድሙ አፍንጫዬ ላይ እንዳታልፍ። ሙሽራው እኔ ነኝ፤ መሃል ላይ ሙሉ ልሁን።

ዘሐራ፦ እኔ የቆምሁት ጥግ ነው፤ እዚያው ይተወኝ። ፐዝል የሚጀመረው ከጥግ ነው ብሎኛል፤ ሰው ሁሉ መጀመሪያ እኔን ይፈልጋል።

ይመር፦ እንዲያ ከሆነ እኔንም ጥግ አድርገኝ!

ከድር፦ ሙሽራ ጥግ ቆሞ ያውቃል ጋሼ?

ይመር፦ እሺ፣ እሱ ይቅር። ያቺን ሴትዮ ግን ለብቻዋ ቁረጣት፤ አንድ ክፋይ ላይ፣ ብቻዋን።

ከድር፦ እትዬ ፋጡማን? ለምን?

ይመር፦ ጠፋች ለማለት እንዲመች።

ከድር፦ እጇ እኮ ትከሻዎ ላይ ነው።

ይመር፦ እጇም አብሮ ይሂድ።

ከድር፦ እጇ ከሄደ ትከሻዎም መሄዱ ነው።

ዘሐራ፦ ድሮስ መች ቀረ? የተፋታችሁ ለታ እኛ ቤት ያለውን ፎቶ በመቀስ ቆርጠው አላወጧትም? ግራ ትከሻዎ እስካሁን የለም። እንግዳ በመጣ ቁጥር “ጦር ሜዳ ነው?” እያለ ይጠይቀኛል።

ይመር፦ (ወደ ፎቶው ጎንበስ ብሎ) ቆይ... ታዲያ ይሄ ሙሉው ከየት መጣ?

ከድር፦ ከኮምቦልቻ።

ይመር፦ ኮምቦልቻ ማን አለን?

ከድር፦ እትዬ ፋጡማ። በቴሌግራም ላከችልኝ፤ ሲጎላ እንዳይደበዝዝ ብላ በፋይል ነው የላከችው። የእሷ ምንም አልተነካም።

(ዘሐራ ማማሰሉን ትታ ወንድሟን ታያለች። ይመር የተፈታ የጫማ ክር ያስራል።)

ይመር፦ ምን አለች?

ከድር፦ ሲቆረጥ አንዷን ክፋይ ላኩልኝ አለች።

ይመር፦ የራሷን ነዋ። ትውሰድ! ከዚያ ወዲያ...

ከድር፦ የእርስዎን ነው ያለችው።

ይመር፦ ...

ዘሐራ፦ በሉ እንግዲህ።

ይመር፦ ካርቶን ነው ያልኸኝ?

ከድር፦ አዎ ጋሼ።

ይመር፦ ካርቶን መኪና ላይ ይታጠፋል። የተላከ ነገር ደግሞ በማን ሻንጣ ሥር እንደሚውል አይታወቅም። ቆይ፣ ቀጭን ጣውላ ላምጣ።

ከድር፦ ይሄኛው አንዴ ተለጥፏል እኮ፤ እንደገና ደሴ ሄዶ ማሳተም ሊኖር ነው።

ይመር፦ ይታተማ! ያን ከተርህንም ወዲያ ጣለው። እኔ ራሴ በቀጭን መጋዝ እቆርጠዋለሁ።

ዘሐራ፦ በየት በኩል ነው የሚቆርጡት አያ? ከእጇ ወዲህ ነው ወዲያ?

ይመር፦ ቡናሽን አታሳርሪ አንቺ!