ዕጣ ያልወጣለት ፊንላንዳዊ

አዲስ አበባ ውስጥ አስተዋይ ወላጅ የሚታወቀው በመስከረም ነው። የሰፈሩ ልጅ ሁሉ ቦርሳውን አንግቶ፣ ምሳ ዕቃውን አንጠልጥሎ ሰርቪስ ሲጠብቅ የአስተዋዩ ወላጅ ልጅ ፒጃማውን እንደለበሰ ቴሌቪዥን ፊት ተጎልቷል። አልታመመም፤ የሚከፈል ገንዘብም አልጠፋም። ዕጣ አልወጣለትም።

ስሙ የተጠራው የሚሲዮን ትምህርት ቤት ጀማሪዎችን የሚቀበለው በዕጣ ነው። እናት ተስላለች፤ አባት ፎርም ለመውሰድ ጎህ ሳይቀድ ተሰልፏል፤ የሚያውቁት ሰው ሁሉ ተደውሎለታል። ዕጣው ግን ስእለትም ሰልፍም አይገባው። ተራ ወላጅ ቢሆን በማግስቱ የቅርቡን መዋዕለ ሕፃናት ያንኳኳ ነበር። አስተዋዩ ወይ ፍንክች! «ከማንም ጋር ከሚውል ዓመቱን ቤት ይቀመጥ፤ ለከርሞ እንሞክራለን» ይላል። ማንም የተባሉት ከሰዓት በኋላ አብረውት ኳስ የሚያባርሩት የጎረቤት ልጆች ናቸው።

ምክንያት ደግሞ ሞልቷል። ዕጣው እስኪወጣ ድረስ ልጁ አራት ዓመት ሳይሞላው «ዘገየብን» እየተባለ ኤቢሲዲ ሲያስለፈልፉት ከርመው፣ ዕጣው በወጣ ሳምንት ቤተሰቡ በሙሉ ፊንላንድን ያገኛታል። «ፊንላንድ እኮ 7 ዓመት ሳይሞላቸው ትምህርት አይጀምሩም!» አንደኛ ክፍል የሚገቡት በ7 ዓመታቸው መሆኑ እውነት ነው። ከዚያ በፊት ያለው የቅድመ አንደኛ ዓመት ግን ከ2015 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ግዴታ ነው፤ ትንሹ ፊንላንዳዊም በአብዛኛው የሚማረው ማዘጋጃ ቤቱ በመደበለት የሰፈሩ ትምህርት ቤት ነው። ይህቺኛዋ ክፍል ቡና ላይ አትነሣም። ለነገሩ የኛም ፖሊሲ አንደኛ ክፍልን በ7 ዓመት ያስጀምራል፤ በ2015 ዓ.ም. የጸደቀው አዲሱ ደግሞ ከዚያ በፊት የሁለት ዓመት ቅድመ አንደኛ አስቀምጧል። ነገር ግን የትምህርት ሚኒስቴርን ጠቅሶ ልጅን ቤት ማስቀመጥ ምን ክብር አለው?

ፍርሃቱ ከሜዳ አልመጣም፣ ይህን አልክድም። የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍልን ፈተና ከወሰዱት ውስጥ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። ይህን የሰማ ወላጅ ቢደነግጥ አይፈረድበትም። የሚደንቀው መድኃኒቱ ነው፦ ትምህርቱ ደካማ ስለሆነ ልጁ ጭራሽ አይማር።

የመንግሥት ትምህርት ቤት ስሙም አይነሣ። ከተማ አስተዳደሩ ከ2012 ዓ.ም. ወዲህ ዩኒፎርምና ደብተር ሰጥቶ፣ ልጆቹን መግቦ ያስተምራል፤ ጥርጣሬው የሚጀምረውም እዚሁ ላይ ነው። በነፃ የተገኘ ነገር ሰርግ ላይ ምን ተብሎ ይወራል? አያቱ ከዳግማዊ ምኒልክ፣ ታላቅ አጎቱ ከተፈሪ መኰንን ወጥተው ሰው የሆኑበት ዘመን ሌላ ነው፤ ያኔ ሰዉ የት እንደተማርክ ሳይሆን ምን እንደተማርክ የሚጠይቅ ኋላ ቀር ነበር።

አንዲት ትንሽ ጣጣ ግን አለች። ዕጣ የሚያወጡት ትምህርት ቤቶች ዕድሜ ይጠይቃሉ፤ ዘንድሮ ልኩ የነበረው ልጅ ለከርሞ አልፎበት ሊገኝ ይችላል። ድሮ ቢሆን አንድ ዓመት መቀነስ የቀበሌ ጉዳይ ነበር። አሁን በአዋጅ ቁጥር 760/2004 መሠረት ልደት በ90 ቀን ውስጥ መመዝገብ አለበት፤ ያኔ በደስታ ተሯሩጠው ያወጡት የልደት ምስክር ወረቀት ዛሬ ጠላት ሆኖ መሳቢያ ውስጥ ተቀምጧል። በዚያ ላይ ዘንድሮ ያጡት አስተዋዮች ሁሉ ለከርሞ ከአዲሶቹ ጋር እዚያው ሰልፍ ላይ ይደመራሉ። ወንበሩ ያው፣ ጠባቂው እጥፍ፤ ዕድሉ ግን በእነርሱ ስሌት ጨምሯል።

ሴት አያቱ ብቻ አልገባቸውም። በመጡ ቁጥር «ይኼ ልጅ ለምን አይማርም?» እያሉ ይነዘንዛሉ። «እማማ፣ ጥራት ያለው ቦታ እየጠበቅንለት ነው» ይባላሉ። «እስከዚያ እኔ ፊደል ላስቆጥረው?» ቢሉ ደግሞ ተከለከሉ፤ አነጋገሩን ያበላሹበታል። ልጁ እንግሊዝኛን ከካርቱን እየለመደ ነው፤ የካርቱኗ አሳማ ያለችውን ሁሉ ይደግማል።

ለከርሞም ዕጣው ባይወጣስ? ምን ችግር አለው፤ ልጁ ያኔ ገና 5 ዓመቱ ነው፣ በፊንላንድ አቆጣጠር ገና ሁለት ዓመት ይቀረዋል።