ሆዴና የሙከራ ጊዜው

ሥራ መፈለግ ብቻውን በቂ መከራ ነው። ጋዜጣ ማገላበጡ፣ ቴሌግራም ላይ «አስቸኳይ» የተባለውን ሁሉ ማሳደዱ፣ ዲግሪውን ኮፒ ማስደረጉ፣ ለጀማሪ ቦታ የሦስት ዓመት ልምድ መጠየቁ። እርግዝና ሲጨመርበት ደግሞ ጠዋት ሚኒባስ ውስጥ የአንድ ሰውዬ ሽቶ ሆድሽን ገልብጦት፣ ቃለ መጠይቁ ላይ «ጫና ባለበት ሁኔታ መሥራት እችላለሁ» ትያለሽ።

መካሪ አይጠፋም። አክስቴ «ዝም አይነቅዝም፤ ሳትፈርሚ ትንፍሽ እንዳትይ» ትላለች። የእሷ ስጋት ግማሹ ዓይን ነው፤ ለጎረቤት እንኳ ሆድ ሳይገፋ አይነገርም። ጓደኛዬ ደግሞ «ዛሬውኑ ንገሪያቸው፤ ኋላ እያወቀች ደብቃ ገባች ይሉሻል» ባይ ናት። የሚያበሽቀው ሁለቱም ልክ መሆናቸው ነው። ከተናገርሽ «እንደውልልሻለን» ይባላል፣ ስልኩ ግን አይጮህም። ዝም ካልሽ ሆድሽ ራሱ ይናገራል።

ሕግማ አለ። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 ቀን ከነደመወዙ ይሰጣል። በቀድሞው አዋጅ ከወሊድ በኋላ ያለው 60 ቀን ነበር፤ እሰየው ነው። ሴት በሴትነቷ አትገለል ይላል። እርግዝናሽን ለአሠሪ አስታውቂ የሚል አንቀጽም አላየሁበትም። ግን እዚያው አዋጅ ውስጥ የሙከራ ጊዜ የሚባል ነገር አለ፤ እስከ 60 የሥራ ቀን። በዚህ ጊዜ ውስጥ «ለሥራው ተስማሚ አይደለችም» ከተባለ ያለ ማስጠንቀቂያ፣ ያለ ካሳ ደህና ሁኚ ነው። «ስላረገዘች» ብሎ የሚጽፍ ሞኝ የለም። ቅዳሜም በሚሠራ ቤት 60 የሥራ ቀን አሥር ሳምንት ገደማ መሆኑ ነው። በአራተኛ ወሯ የተቀጠረች ሴት ሙከራውን የምትጨርሰው ስድስተኛው ላይ ሆና ነው። ስድስተኛ ወርን በሰፊ ቀሚስና በሹራብ የደበቀች ካለች ትንገረኝ፤ የልብስ ሰፊዋን ስልክ እፈልጋለሁ።

አሠሪዎቹንም ሁሉንም ክፉ ናቸው አልልም። አራት ሠራተኛ ያለው የትንሽ ቢሮ ባለቤት የ120 ቀን ደመወዝ ከራሱ ኪስ ይከፍላል፤ ሥራው እንዳይቆም ደግሞ ተተኪ ይቀጥራል። ለጡረታ በየወሩ 7 በመቶ ከሠራተኛው፣ 11 በመቶ ከአሠሪው ይገባል። ለእርጅና እንዲህ በጋራ ስናዋጣ ለወሊድ የምናዋጣበት ቋት የለንም። ስለዚህ ሰውዬው ሒሳቡን የሚያሰላው ገና በሩን ከፍተን ስንገባ፣ ሆዳችንን እያየ ነው። ይኼ እንኳ ይገባኛል።

የማይገባኝ መሽኮርመሙ ነው። «ትዳር እንዴት ነው?» ይላሉ ፈገግ ብለው። «ልጆችስ? በቅርቡ ታስቢያለሽ?» ጥያቄው ስለ ኤክሴል ችሎታዬ ከሚጠየቀው ይበልጣል። ለቤት ሠራተኝነት ወደ ዓረብ አገር የሚሄዱ እህቶቻችን የእርግዝና ምርመራ ያደርጋሉ፤ ከተገኘባቸው ጉዞው ይቀራል። ጭካኔ ነው፣ ግን ቢያንስ በግልጽ የሚያውቁት ጭካኔ ነው። የእኛዎቹ ሻይ ጋብዘው፣ እስከ በር ሸኝተው፣ «በርቺ» ብለው ነው የሚጥሉሽ። ከዚያ ለምን እንደወደቅሽ ስታሰላስዪ ትከርሚያለሽ፤ ልምዴ ነው? እንግሊዝኛዬ ነው? ወይስ ስቀመጥ ወገቤን ያዝ አድርጌ ነበር?

ባለቤቴም በዚሁ ሰሞን ሥራ ቀይሯል። ሚስቴ ነፍሰ ጡር ናት ሲላቸው «እንኳን ደስ ያለህ! እንግዲህ ቤተሰብ ያለው ሰው ይተጋል» ብለው ቀጠሩት። ያው ልጅ፣ ያው ሆድ። ለእሱ ሲሆን የትጋት ማስረጃ ነው፣ ለእኔ ሲሆን ወጪ። አዋጁ ለአባት የሚሰጠው ሦስት ቀን ብቻ ስለሆነ ማን ይፈራዋል? እሱም ቤት ገብቶ «ለምን ዝም ብለሽ አትነግሪያቸውም፣ እኔ እኮ ነገርኳቸው» ይለኛል።

ሐሙስ ሌላ ቃለ መጠይቅ አለብኝ። ምን እንደምል አልቆረጥኩም። አክስቴ ጥቁር ቀሚስ ልበሺ ብላለች። ቢሮው ስድስተኛ ፎቅ ላይ ነው፤ ሊፍቱ ደግሞ ከተበላሸ ሰንብቷል አሉ።