በዓለ ከዋክብት ዘጫንጮ፤ መብራት በጠፋ ጊዜ ስለሚፈጸመው ሥርዓት

ከአዲስ አበባ ተነሥቶ እንጦጦን በመሻገር በጎጃም መንገድ 40 ኪሎ ሜትር ያህል የተጓዘ እንግዳ፥ የሱሉልታን ሜዳ ጨርሶ በምሽት ጫንጮ ሲገባ፥ በየደጃፉ አባትና እናት፥ አያትና የልጅ ልጅ ጋቢያቸውን ተከናንበው ቀና ብለው ሰማዩን ሲመለከቱ ቢያገኛቸው፥ ይህ ሕዝብ ጥበበ ከዋክብትን ከከለዳውያን በቀጥታ የወረሰ ነው ብሎ ቢደነቅ አይፈረድበትም፤ ነገሩ ግን መብራት ጠፍቶ ነው።

በሌላው ዓለም ይህን የመሰለውን በዓል ለማክበር ብዙ ድካም አለ። ጨለማን ከመብራት እንጠብቅ ያሉ ሰዎች በአሜሪካ፥ በአሪዞና፥ በ1988 እ.ኤ.አ. ማኅበር አቋቋሙ፤ በ2007 በዩታ የሚገኘውን ናቹራል ብሪጅስ የተባለውን ስፍራ «የጨለማ ሰማይ ፓርክ» የሚል ማዕረግ ሰጡት፤ በ2012 ደግሞ «የጨለማ ሰማይ ጥብቅ ስፍራ» የሚለው ማዕረግ ወደ አፍሪካ ተሻግሮ በናሚቢያ ለናሚብራንድ ደረሰው። ቤተ ሰብ ልጆቹን በመኪና ጭኖ፥ ገንዘብ ከፍሎ፥ ዓይን የማይወጋ ቀይ ባትሪ ይዞ ጨለማ ወዳለበት ይሄዳል። በጫንጮ ግን ጨለማው ራሱ ወደ ቤተ ሰቡ ይመጣል፤ አዘጋጁም መሥሪያ ቤት ከውዳሴ ከንቱ የሚሸሽ ስለሆነ ነው መሰል፥ አስቀድሞ አያስታውቅም፥ ከፈጸመም በኋላ ምስጋና አይጠይቅም።

የበዓሉ ዕለት የሚወጣበት ስሌት እስካሁን አልተገኘም። ትንሣኤን የመሰለ ተዘዋዋሪ በዓል እንኳ በባሕረ ሐሳብ፥ በአበቅቴና በመጥቅዕ ተሰልቶ ከዘመናት አስቀድሞ ሲታወቅ፥ ይህኛው ግን ለቀመር አይታሰርም፥ ለአጽዋማትም አያደላም። ሆኖም ጠንቃቃ ተመልካቾች ሁለት ምልክቶችን መዝግበዋል፤ አንደኛው ነፋስና ዝናም ሲሆን፥ ሁለተኛውና ይበልጥ የታመነው ግን ሊጡ ኩፍ ብሎ በኤሌክትሪኩ ምጣድ ላይ ሦስተኛው እንጀራ ዓይን ማውጣት የጀመረበት ቅጽበት ነው። በእግር ኳስ ጨዋታ ፍጹም ቅጣት ምት ሊመታ ኳሷ የተቀመጠችበት ቅጽበት የሚል ሌላ አስተያየት አለ፤ ይህ ግን የጎልማሶች ትውፊት እንጂ የቤተ ሰብ አይደለም።

ወደ ሥርዓቱ እንግባ። ብዙዎች እንደሚገምቱት በዓሉ የሚጀምረው ወደ ሰማይ በመመልከት አይደለም። የመጀመሪያው ምዕራፍ የጎረቤትን መስኮት መመልከት ነው። መብራቱ እንደ ጠፋ የቤቱ አባወራ ጨለማውን እየዳሰሰ ወደ ደጅ ይወጣና ግራና ቀኙን ይመረምራል፤ ከውስጥም «የእኛ ብቻ ነው ወይስ የሰፈሩ?» የሚል ድምፅ ይከተለዋል። የጎረቤት መስኮት የበራ እንደሆነ በቤቱ ላይ ጽኑ ኀዘን ይወድቃል፤ ቆጣሪው ይፈተሻል፥ የካርዱ ሒሳብ ማለቅ አለማለቁ ይጠየቃል፥ «ፌዝ ጠፍቶ ይሆናል» የሚል ሊቅም ከአንድ ጥግ ይነሣል። የጎረቤትም የጠፋ እንደሆነ ግን አባወራው «ጠቅላላ ነው!» ብሎ ያውጃል፤ ከዚህች ቃል በኋላ በሰፈሩ የሚሰፍነውን ሰላም በበዓለ ኀምሳ እንኳ ማግኘት ያዳግታል። ከዋክብትን ማየት የሚቻለው ከዚህ በኋላ ብቻ ነው፤ የጎረቤቱ አምፖል የበራበት ሰው ቀና ብሎ ኮከብ ሲቆጥር የታየበት ጊዜ የለምና።

የሰማዩን ነገር እንናገር ዘንድ፥ ጫንጮ ከባሕር ወለል 2500 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ፥ ከምድር ወገብ በስተ ሰሜን በ9ኛው ዲግሪ አካባቢ የምትገኝ ስለሆነች፥ ለአውሮፓ ያልተሰጠ ጸጋ አላት። የሰሜኑ ኮከብ በፍቼ አቅጣጫ ከአድማስ ጥቂት ከፍ ብሎ ሳይንቀሳቀስ ይቆማል፤ በሚያዝያና በግንቦት ምሽት ደግሞ በስተ ደቡብ መስቀለ ደቡብ የሚባሉት ከዋክብት በእንጦጦ አናት ላይ ይወጣሉ። ይሁን እንጂ በዚያው በእንጦጦ በኩል፥ ከተራራው ማዶ፥ የአዲስ አበባ መብራት ሰማዩን ሲያቀላው ይታያል፤ የጫንጮም ቤተ ሰብ ከመስቀለ ደቡብ ይልቅ ይህን ቅላት ረዘም አድርጎ ይመለከተዋል፥ የመጀመሪያው ምዕራፍ ወደ ታላቁ ጎረቤት መስኮት መዛወሩ ነውና። በተራራው ላይ፥ 3200 ሜትር በሚያህል ከፍታ፥ ባለአንድ ሜትር መስተዋት ሁለት ቴሌስኮፖች ያሉት የእንጦጦ ኦብዘርቫቶሪ አለ፤ ተመራማሪዎቹ ከሥራቸው የተዘረጋው የከተማ ብርሃን እያስቸገራቸው ጨለማ ይሻሉ፥ የጫንጮ ሰዎች ያልለመኑትን ጨለማ ታቅፈው ብርሃን ይሻሉ። ሁለቱን ወገኖች የሚያቀያይር ኮሚቴ አለመቋቋሙ ያስገርማል።

የትምህርቱ ክፍል የአያቶች ነው። ቅዱስ ዑራኤል የብርሃናትን ሥርዓት ለሄኖክ እንዴት እንዳሳየው ይነገራል፤ መጽሐፈ ሄኖክ ምሉዕ ሆኖ የተገኘው በግዕዝ ብቻ ነውና ርእሱ ለእኛ ባዕድ አይደለም። ኮከብ ተወርውሮ ሲያልፍ አንድ ሰው መሞቱ ይተረጎማል። ከዚያ ጨዋታው ወደ ዐውደ ነገሥት ያዘነብላል፤ የልጅቱ ስም ከእናቷ ስም ጋራ በፊደል ተቆጥሮ ለ12 ይገደፍና ከጠያቂዋ ኮከብ ጋራ መግጠም አለመግጠሙ ይመረመራል፥ ልጅቱም መብራቱ ቶሎ እንዲመጣ አጥብቃ የምትጸልየው በዚህ ጊዜ ነው። ታናሽ ወንድሟ በበኩሉ ሰማዩን አቋርጣ የምትሄድ ነጥብ ባየ ቁጥር ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. ከቻይና የተወነጨፈችው የአገራችን ሳተላይት ናት ብሎ ይከራከራል። «አውሮፕላን ነው፥ ልጄ» ይሉታል አያቱ፤ እርሱ አይረታም።

በበዓሉ ላይ የሚነሣ አንድ ከባድ ነቀፋ አለ፥ ይኸውም የወቅት ጉዳይ ነው። አዘጋጁ በዓሉን የሚያበዛው በክረምት፥ መስመር በነፋስ በሚበጠስበት ወራት ሲሆን፥ ያን ጊዜ ሰማዩ በደመና የተሸፈነ ነው፤ ነሐሴ 6 እና 7፥ በፍልሰታ መካከል፥ የሚዘንመውን የተወርዋሪ ከዋክብት ብዛት የጫንጮ ሰው በጉም በኩል ብቻ ያከብረዋል። ታኅሣሥ 4 እና 5 ግን፥ ሰማዩ ጠርቶ ውርጩ ጥርስ ሲያንቀጫቅጭ፥ ከዚያ የማያንሱ ከዋክብት ሲወረወሩ፥ መብራቱ ያለ አንዳች እንከን ቦግ ብሎ ያድራል። ጄኔሬተር ያለው ሆቴልስ ምን ይባላል? ከማኅበረ ምእመናን የተለየ፥ በድምፁም በብርሃኑም ጸሎት የሚያውክ መናፍቅ ነው፤ ስልኩን ቻርጅ ለማድረግ ወደ እርሱ ያልሄደ ሰው ግን አይገኝም።

ፍጻሜው በአንድ ቃል ይታወቃል። «መጣ!» የሚለው የሕፃናት ጩኸት ከአንዱ ግቢ ወደ ሌላው እየተቀባበለ ሰፈሩን ሲያዳርስ፥ ከዋክብቱ ባሉበት ተትተው ሁሉም ወደ ቤቱ ይገባል። ጥቂት ቆይቶ መብራቱ ዳግመኛ ይሄዳል። ይህ ሁለተኛው መጥፋት ራሱን የቻለ በዓል ነው ወይስ የፊተኛው ማግሥት በሚለው ላይ ሊቃውንት አልተስማሙም፤ እናቶች ግን የክርክሩን ውጤት ሳይጠብቁ፥ ሲመለስ ኃይል ጨምሮ ዕቃ እንዳያቃጥል የፍሪጁንና የቴሌቪዥኑን ሶኬት ነቅለው፥ የቀረውን ሊጥ ተሸክመው ወደ እንጨቱ ምድጃ ይሄዳሉ።