ልቡ ሙሉ፣ ሳንባው ባዶ

ስሙማ ይህን ደፋር! «ትንሽ ጄት ሳበር የካቢኑ አየር ቢያመልጥ ምን አባቱ! እኔ የደጋ ልጅ ነኝ» ይላል። ወንድሜ፣ ራስ ዳሸን እኮ ተንጠራርቶም 4,550 ሜትር ገደማ ነው። ያቺ ትንሽ ጄት 10,700 ሜትር ላይ ትንሳፈፋለች። ሁለት ዳሸን ብትደራርብም አትደርስባትም። እዚያ ራስህን ስትስት የትኛው ራስ ሊደርስልህ ነው?

«ኦክሲጅን ላይም ታችም 21 በመቶ ነው!» አለ ደግሞ፣ የተማረው። ልክ ነህ፤ በመቶው አለ፣ ግፊቱ ነው የሌለው። ኦክሲጅንም እንዳንተው ነው፤ ካልገፉት ሥራ አይገባም።

«ትንፋሼን እይዛለሁ!» ያዝ፣ ያዝ! ካቢኑ በድንገት ሲተነፍስ ደረትህ ውስጥ ያለው አየርም ይለጠጣል፤ መውጫ ካጣ ሳንባህን ይቀዳል። የያዝከው ትንፋሽ አይደለም ጌታው፣ የሐኪም ወረፋ ነው።

«ቀስ ብሎ ቢወጣስ? ይታወቀኛል።» ኧረ በስማም! ቀድሞ የሚጠፋው እኮ ማወቂያህ ነው። አየር ሲያጥርህ ላትጨነቅ ትችላለህ፤ እንዲያውም ደስ ይልሃል። ጠጅ ሳትቀምስ ሞቅ ይልሃል። ጥፍርህ ሰማያዊ ሆኖ አንተ ትስቃለህ። በዚያ ከፍታ አእምሮህ የሚታዘዝልህ ከ30 ሰከንድ እስከ 1 ደቂቃ ነው፤ አየሩ በአንዴ ከወጣ ደግሞ ከዚያም ያንሳል። ሰከንዱ ሳይሰክን አንተ ሰከርክ!

«አውቶፓይለት አለልኝ።» አለልህ! እሱ ማብረር እንጂ መቀስቀስ አልተማረም። ኦክቶበር 25 ቀን 1999 የጎልፍ ሻምፒዮኑን ፔይን ስቱዋርትን ጨምሮ ስድስት ሰዎች የያዘች ሊርጄት ከኦርላንዶ ወደ ዳላስ ተነሣች። ዳላስ ቀረ፤ እሷ ወደ ሰሜን ምዕራብ ቀጠለች። በሬዲዮ ቢጠሯት መልስ የለም። የጦር ጄቶች ተጠግተው ሲያዩ መስኮቶቿ አመዳይ ለብሰዋል። አራት ሰዓት ያህል በርራ ነዳጇ ሲያልቅ ደቡብ ዳኮታ ወደቀች። ማንም አልተረፈም። አውቶፓይለቱማ ሥራውን ሠርቷል።

«ያ የድሮ ነው» ልትል ነው? ጁን 4 ቀን 2023 ዋሽንግተን ያሉ ወገኖቻችንን ጠይቃ! መስኮታቸውን ያንቀጠቀጠው ነጎድጓድ አልነበረም። ጥሪ የማትመልስ ሴስና ጄት ላይ ለመድረስ ከድምፅ ፈጥነው የተወረወሩ ኤፍ-16 የጦር ጄቶች ነበሩ። ከተማው በሙሉ ደነገጠ፤ ከሴስናዋ ግን «አቤት» ያለ አልነበረም። ቨርጂኒያ ተራራ ላይ ወደቀች።

እናማ ጀግናው፣ የካቢኑ ማስጠንቀቂያ ሲጮኽ አብረኸው አትጩኽ። መጀመሪያ የኦክሲጅን ጭምብል፣ ቀጥሎ ቁልቁል ወደ 3,000 ሜትር። ክርክሩን መሬት ላይ እንጨርሰዋለን፤ እዚህ አየር በነፃ ነው።