የማን ልጅ ናቸው?

ሎስ አንጀለስ ለመጣ እንግዳ ሆሊውድን ማሳየት እንደ ደንብ ተይዟል። አክስቴ ግን ትንሿ ኢትዮጵያ ቡናቸውን ጠጥተው ሲያበቁ «ስማቸው አስፋልት ላይ የተጻፈ ሰዎችን እየረገጥኩ ልሂድ?» ብለው እንቢ አሉ። እኔም ሰሞኑን ወደለከፈኝ ጉዳይ፣ የቢዲ ሜሰንን የዘር ሐረግ ወደማፈላለግ፣ ይዣቸው ወጣሁ።

ቢዲ በባርነት የተወለዱ ጥቁር አሜሪካዊት ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1848 ጌታቸው ሮበርት ስሚዝ ከሞርሞኖች ጋር ከሚሲሲፒ ወደ ዩታ ሲሰደድ፣ እሳቸው ጨቅላ ልጅ ታቅፈው፣ ከሠረገላው ኋላ ከብት እየነዱ ያን ሁሉ አገር በእግራቸው አቋረጡት። ምዕራቡን ያቀኑ ሴቶች ሲሣሉ ግን እኔ የማያቸው ሁሌም ሠረገላ ላይ ተቀምጠው ነው።

«አባታቸው ማን ይባላሉ?» አሉ አክስቴ፣ ገና መኪናው ሳይነሣ። እኛ ቤት ጋብቻ ሲታሰብ ሰባት ቤት የሚቆጥሩት እሳቸው ናቸው፤ በዚህ ቆጠራ የፈረሰውን እጮኝነት ቤቱ ይቁጠረው። የ1850 እና የ1860 የአሜሪካ ቆጠራ ባሪያዎችን በጌታቸው ሥር በዕድሜ፣ በጾታና በቆዳ ቀለም ብቻ እንደመዘገበ፣ ስም እንዳልጻፈ አስረዳኋቸው።

«ወይ ጉድ! የእኛ በሬ እንኳ ቦራ፣ ዳለቻ ተብሎ ይጠራል» አሉ።

ካሊፎርኒያ በ1850 ባርነት የተከለከለባት ግዛት ሆና ነበር። ስሚዝ ከዩታ ወደዚያ ካመጣቸው በኋላ ወደ ቴክሳስ ሊያሻግራቸው ሲሰናዳ ነገሩ ፍርድ ቤት ደረሰ። ጥቁር በነጭ ላይ እንዳይመሰክር ሕግ ስለሚከለክል ዳኛ ቤንጃሚን ሄይስ ቃላቸውን ለብቻቸው ተቀበሉ፤ በ1856 መጀመሪያ ቢዲን ጨምሮ 14 ሰዎች ነጻ ወጡ። ከዚያ ወዲያ ነው ወረቀቱ አፍ የሚያወጣው። ቢዲ በአዋላጅነትና በአስታማሚነት በቀን 2 ዶላር ከ50 ሳንቲም እያገኙ አጠራቅመው፣ በ1866 ስፕሪንግ ጎዳና ላይ በ250 ዶላር ቦታ ገዙ። ቆጠራ የነፈጋቸውን ስም የቦታ ውል ሰጣቸው።

ራሳቸው የልምድ አዋላጅ የሆኑት አክስቴ እዚህ ላይ ነቁ። «ሌሊት ከተጠሩም ያው ነው ሒሳቡ?»

መቃብራቸው ቦይል ሃይትስ፣ ኤቨርግሪን መካነ መቃብር ነው። በ1891 ሲያርፉ ያለ ሐውልት ተቀብረው እስከ 1988 እንደዚያው ነበሩ። እኔ ድንጋዩን ስፈልግ አክስቴ ከአጠገቤ ጠፉ። ዞር ስል አንዲት የሜክሲኮ እናት አቅፈው፣ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ያለቅሳሉ። የማን ቀብር እንደሆነ ማንም አልነገራቸውም፤ ለቅሶ አይተው ማለፍ ግን አይሆንላቸውም። እንባቸው ከባለቤቶቹ በለጠ። ልጎትታቸው ስሄድ ለእኔም ወንበር ሳቡልኝ። በኋላ ቤታቸው ሄደን ታማሌስ በላን። እስፓኒሽ የማይችሉት አክስቴ «እግዜር ያጽናችሁ»ን በአማርኛ ለሁሉም አዳረሱ፤ ሁሉም ገባው። እኔ የሟች ምን እንደሆንኩ ሲጠይቁኝ ግን ሩብ ሰዓት የፈጀ ማብራሪያ ሰጥቼ አንድ ሰው አላሳመንኩም።

«ስማ» አሉኝ ስንወጣ፣ «ወደ ላይ እምቢ ካለህ ወደ ታች ቁጠር።» ወደ ታችማ ሞልቷል፤ ኤለን፣ አን፣ ሃሪየት። ኤለን የቻርልስ ኦወንስ ሚስት ሆነች፤ የቻርልስ አባት ሮበርት ኦወንስ ደግሞ ቢዲን ነጻ ለማውጣት የተሯሯጡት ሰው ናቸው። አክስቴ «ይኼ ነው አማች!» ብለው በደስታ ጭኔን መቱኝ። መሪ ይዤ ነበር።

መሽቶ ስፕሪንግ ጎዳና ደረስን። የቢዲ ቦታ ዛሬ በስማቸው የተሰየመ መናፈሻ አለበት፤ የሕይወት ታሪካቸው በረጅም ግድግዳ ላይ ተቀርጿል። አክስቴ ግድግዳውን ትተው የመኪና ማቆሚያውን ተመን አስነበቡኝ፤ 250 ዶላሩን ለቀናት አካፍለው ከጨረሱ በኋላ ዓይናቸውን አፈጠጡብኝ።

«እናንተስ ያኔ ለምን አልመጣችሁም?»