ሌሎቻችሁስ ምን ትላላችሁ?

ሰው የእንግሊዝኛ መምህራን አሠልጣኝ የሚሆነው በሁለት መንገድ ነው፤ አንድም ጎበዝ ሆኖ፣ አንድም ደብዳቤው ሲመጣ ቢሮ አካባቢ ተገኝቶ። እኔ ቢሮ አካባቢ ነበርኩ። ባልደረቦቼ ወሬውን ሲሰሙ «እንኳን ደስ አለህ» ያለኝ የለም፤ ሁሉም «አበሉ ስንት ነው?» አሉኝ።

ጊዜው 1990ዎቹ አጋማሽ ላይ ነው፤ ትምህርት ሚኒስቴር ኢሊፕ የሚባለውን የእንግሊዝኛ ማሻሻያ ፕሮግራም የጀመረበት። ቸግሮት ነው። የ1986ቱ የትምህርት ፖሊሲ እንግሊዝኛ ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ ይሰጥ ሲል፣ ማን ይስጠው የሚለውን ለፈጣሪ ትቶታል። ሲያድር የተገኘው መፍትሔ እንዲህ ነው፦ መጀመሪያ «ኬልት» የሚባሉ ቁልፍ አሠልጣኞች ይሠለጥናሉ፤ ኬልቶቹ መምህራኑን 120 ሰዓት ፊት ለፊት ያሠለጥናሉ፤ የቀረውን 80 ሰዓት መምህሩ ወደ ትምህርት ቤቱ ተመልሶ በርቀት ይጨርሳል። የርቀቱን ነገር አንሥተን ሰው ባናስቀይም ይሻላል።

እኛ ኬልቶች ስንሠለጥን ከእንግሊዝኛው ይልቅ ሙያው ነው የገባን። ወንበር በክብ መደርደር፣ ፍሊፕ ቻርት ሳይቀደድ መግለጥ፣ ከምሳ በኋላ እንቅልፍ የጣለውን ሰው በጭብጨባ ማስነሣት። ከሁሉ በላይ ግን ጥያቄ አለመመለስን ተማርን። መምህር የተጠየቀውን ይመልሳል፤ ካላወቀም ይቆጣል። አሠልጣኝ ግን ፈገግ ይልና «በጣም ጥሩ ጥያቄ ነው። ሌሎቻችሁስ ምን ትላላችሁ?» ይላል። እዚያ ወለል ላይ የተጣለን ጥያቄ ሁልጊዜ የሚያነሣ አንድ ተናጋሪ አይጠፋም። አልሆን ያለው ደግሞ «ፓርኪንግ ሎት» የሚል ወረቀት ላይ ተጽፎ ግድግዳው ላይ ይለጠፋል፤ በኋላ እንመለስበታለን ይባላል። እስከማውቀው ከዚያ ግድግዳ ወርዶ የተመለሰ ጥያቄ የለም። የመጀመሪያው ጥያቄ ምን እንደነበር መናገር አያስፈልገኝም፤ አበል ነው።

ክረምት ላይ መምህራኑ ከመንዝ፣ ከመርሐቤቴ፣ ከየወረዳው ተሰባስበው መጡ። መምህር ወንበር ላይ ሲቀመጥ ምን እንደሚሆን ያየሁት ያኔ ነው። ዓመቱን ሙሉ «ከኋላ ያላችሁ ወደ ፊት!» ሲል የከረመ ሰው ቀድሞ የሚይዘው የኋላውን ወንበር ነው። ጎረቤቱን ይጎነትላል፤ ይኮርጃል፤ «ሰዓት ደርሷል» ብሎ ያስታውሳል። በመካከላቸው አንድ ዩኒት ሊደር ነበሩ፤ በትምህርት ቤታቸው ያረፈደ ተማሪ በር ላይ በማንበርከክ የታወቁ። በሁለተኛው ቀን በኋላ በር ተሹለክልከው ቡና ሊጠጡ ሲወጡ ዓይን ለዓይን ተገጣጠምን። «ሽንት ቤት» አሉኝ፣ ጣታቸውን እንደ ተማሪ ወደ ላይ ቀስረው።

ከእኚሁ ሰውዬ ትምህርት ቤት የመጡ ሌላ ሽማግሌ መምህር ነበሩ፤ ሁሉም «ጋሼ» የሚላቸው። እሳቸውን ያስተማሯቸው በ1955 ዓ.ም. በአገራችን ማስተማር የጀመሩት የአሜሪካ ፒስ ኮር ልጆች ናቸው። እንግሊዝኛቸው ከእኔ ይሻላል። ይህን እኔም አውቃለሁ፣ እሳቸውም ያውቃሉ፤ ግን ጨዋ ስለሆኑ ሁለታችንም ዝም አልን።

የመጀመሪያው ትልቅ ልምምድ «እንዲህ ያለ ሰው ፈልግ» የሚባለው ነበር። ወረቀቱ ከባሕር ማዶ መጽሐፍ በቀጥታ የተባዛ ነው፦ በጀልባ የተጓዘ ሰው፣ ውሻውን ሐኪም ዘንድ የወሰደ ሰው፣ የባዕድ አገር ምግብ ቀምሶ ያልወደደ ሰው። ሠልጣኙ እየተዘዋወረ በእንግሊዝኛ ይጠይቃል፤ «አዎ» ያለውን ሰው ስም ይጽፋል። አዳራሹ ጥቂት ተንጫጫ። ከዚያ ጋሼ በወጣትነታቸው ምፅዋ ሠርተው በጀልባ እንደሄዱ፣ የፒስ ኮር አስተማሪያቸውን ውሻም ለሐኪም እንዳደረሱ፣ የዚያን አስተማሪ ኦቾሎኒ ቅቤም እንደተፉት ወሬው ተዳረሰ። ሕዝቡ ተሰለፈ። «ጋሼ፣ ይቺን ፈርሙልኝ!» «ጋሼ፣ ስምዎት በአንድ ኤን ነው በሁለት?» የሚያናግረው ልምምድ አንድ የእንግሊዝኛ ቃል ሳይወጣው በአምስት ደቂቃ ተጠናቀቀ። ሁሉም ወረቀት ላይ የአንድ ሰው ስም ነበር።

የሁለተኛ ደረጃዎቹ መምህራን ችግር ሌላ ነበር። ያኔ ክፍላቸው ፕላዝማ ቴሌቪዥን ገብቶለታል። የቴሌቪዥኑ መምህር «በሁለት ደቂቃ ሥሩ» ይልና፣ ልጆቹ ጥያቄውን ገልብጠው ሳይጨርሱ «ዌል ደን!» ብሎ ያልፋል። እኔ ስለ ተማሪ ተኮር ዘዴ ሳወራ አንዱ እጁን አወጣ፤ «ማስተማሩን እሱ ይሠራዋል፤ እኔ ማብራቱንና ማጥፋቱን ነው። በየትኛው ላይ ነው ዘዴው የሚገባው?»

ሌላዋ ደግሞ ወንበሮቹን በግማሽ ክብ አድርጉ ስል አሰበችና «ሰማንያ ልጅ ነው ያለኝ፤ ዴስኩ ለአራት ለአራት ነው፣ ከወለሉ ጋር ተበይዷል። ግማሽ ክቡን ሠራሁ እንበል፤ እኔ በየት በኩል ልግባ?» አለች።

«በጣም ጥሩ ጥያቄ ነው» አልኩ።

መስከረም አልፎ ለክትትል ስንላክ፣ የደረሰኝ የጋሼ ትምህርት ቤት ሆነ። ኋላ ዴስክ ላይ ከሦስት ልጆች ጋር ተጣብቤ ተቀመጥኩ። ሥልጠናውን ረስተውታል ብዬ ነበር። ጋሼ ግን ያንኑ ወረቀት አወጡ፤ አገላብጠው የራሳቸውን ጽፈውበታል፦ በቅሎ የጣለችው ልጅ፣ ደብተሩን ወንዝ የወሰደበት፣ ለአያቱ ደብዳቤ ያነበበ፣ ጅብ ያባረረው። የክፍሉ ልጅ ሁሉ ዴስክ ላይ ወጣ፣ በዴስክ ሥር ሾለከ። አጠገቤ ያለው ኮሌታዬን ጎትቶ በእንግሊዝኛ በቅሎ ጥላኝ ታውቅ እንደሆነ ጠየቀኝ። የግሡ ጊዜ ተሳስቷል፤ ማን ያርመዋል፣ መልሱን ሳይጠብቅ ሄዷል።

በሩ በኃይል ተከፈተ። ዩኒት ሊደሩ ናቸው፤ አርጩሜያቸውን ይዘዋል።

«ምንድነው ይሄ ጫጫታ? ማነው ያስነሣው?»

ጋሼ ፊታቸው ላይ ምንም ሳይታይ ጠመኔያቸውን ወደ ኋላ ዴስክ ቀሰሩ።

«እሱ ነው።»